እማዬ፣ ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው

ለውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አራስ ልታርሺኝ መጥተሽ ያቀፍሻት ልጅ አሁን ሶፋ ላይ ካልወጣሁ ትላለች።

ስለ ወገብሽ ሕመም ይሄን ሁሉ በስልክ ብነግርሽ «እሺ፣ እሺ» ትዪና ወሬ ትቀይሪብኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው። የአስተማሪነት አመልሽ ተነስቶብሽ ፊደል ብታርሚልኝም ቅር አይለኝም።

ባለፈው ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? «ወደ እንጦጦ ማርያም ስወጣ ደህና ነኝ፤ ስወርድ ነው ወገቤ ቁርጥ የሚለው። ዳገቱን ችዬው ቁልቁለቱ ያቅተኝ?» ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ግን እዚህ ሜሪላንድ የነበርሽበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ከመኪናው ወርደን ሱፐርማርኬቱ በር እስክንደርስ እየቆምሽ ነበር የምትሄጂው። አንድ እጅሽ ወገብሽ ላይ፣ ሌላው የሰው መኪና ላይ። ውስጥ ገብተን የዕቃውን ጋሪ ስትይዢ ግን ሌላ ሰው ትሆኛለሽ። ክርንሽን እጀታው ላይ ጥለሽ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ የምስሩንም የሩዙንም መደርደሪያ ታካልዪዋለሽ። የሚደክመኝ እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ «ገበያ ሲያዩ ይለቃቸዋል» እያለ ይስቅ ነበር።

ይሄን ለአንዲት ፊዚዮቴራፒስት ወዳጄ ነገርኳት። ገና ሳልጨርስ «ስትቀመጥስ?» አለችኝ። ስትቀመጥ ይተዋታል አልኳት። «ቀጥ ብላ ስትቆምስ?» ያኔ ነው የሚብስባት፣ አንዳንዴም እግሯ ድረስ ይወርዳል አልኳት። ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ልንገርሽ።

በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ነርቮች የሚያልፉበት ቦይ አለ። ዕድሜ ሲገፋ በአጥንቶቹ መሀል ያለው ዲስክ ይሳሳል፣ መገጣጠሚያው ይወፍራል፣ ጅማቱም እንደዚያው። ቦዩ ይጠባል። ሐኪሞች ስፓይናል ስቴኖሲስ ይሉታል። ቀጥ ብሎ መቆም ወይም ወደ ኋላ መለጠጥ የባሰ ያጠበዋል። ጎንበስ ማለትና መቀመጥ ይከፍተዋል። ዳገት ስትወጪ ሰውነትሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። ቁልቁለት ላይ ግን እንዳትወድቂ ወደ ኋላ ትለጠጫለሽ። ጋሪውም የረዳሽ ስላስጎነበሰሽ ነው።

ከዚህ ሆኜ በሽታሽ ይሄ ነው ብዬ አልፈርድም። ሐኪም ይይሽ። ስትሄጂ ግን «ወገቤን ያመኛል» ብቻ ብለሽ እንዳትመለሺ። የዳገቱንና የቁልቁለቱን ነገር በደንብ ንገሪው። የእግርሽንም የደም ሥር ምት ይዳስስልሽ፤ የእግር ደም ሥር ሲጠብም ሰው መንገድ ላይ ሕመም ያስቆመዋል። እሱ ግን ባለበት ቆም ሲል ይለቀዋል። አንቺን ካልተቀመጥሽ ወይ ካላጎነበስሽ አይለቅሽም።

እስከዚያው ወደ ምጣዱ እንሂድ። ስትጋግሪ አይቼሻለሁ። ሊጡን ዙሪያውን ስታፈሺ ጎንበስ ትያለሽ፤ ያኔ ምንም አትዪም። የሚያምሽ ከከደንሽው በኋላ ነው። እጅሽን አጣጥፈሽ፣ ቀጥ ብለሽ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ የምትጠብቂበት ጊዜ። እንጀራ እስኪበስል ቆመሽ ጠብቂ ያለሽ ማን ነው? ምጣዱ አጠገብ ወንበር ይኑር። ክደኚና ቁጭ በይ፤ ሲደርስ ተነስተሽ አውጪ። ሽንኩርቱን ተቀምጠሽ ክተፊ። ልብስ ስትተኩሺ ደግሞ አንድ እግርሽን ዝቅ ያለች ዱካ ላይ አሳርፊ፣ ሲደክምሽ በሌላኛው ቀይሪ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ወገብ ወደ ኋላ እንዳይለጠጥ ትይዘዋለች። እኔም ሥራ ቦታ ቆሜ ስለምውል በዚችው ነው የምዘልቀው።

ቅዳሴው ላይ እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ። ጫማሽን አውልቀሽ፣ ስስ ምንጣፍ ላይ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትቆሚያለሽ። «በእግዚአብሔር ቤት እንዴት እቀመጣለሁ?» ትያለሽ። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» የሚለው ታዲያ ለማን ነው? የሚቀመጥ ባይኖር ለምን ይለዋል? ቀልዴን ነው፤ ግማሹን ግን የምሬን ነው። ወንጌል ሲነበብ ተነሺ። ሌላውን ጊዜ ግድግዳው ጋ ያሉት ወንበሮች ላይ ሁኚ። የንስሐ አባትሽንም አማክሪ። ስለ ሰሞነ ሕማማት ስግደትም እሳቸው የሚሉሽን ስሚ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለሸመገለ እንደምታዝን እኔ ለአንቺ አላስተምርም።

መቋሚያም ያዢ። ከዘራ ያስረጃል ብለሽ እንደማትነኪው አውቃለሁ። መቋሚያ ግን ማኅሌት ላይ ወጣቱም ይዞት ይቆማል፤ ማንም «አረጀች» አይልሽም። ደረትሽ ጋ የሚደርስ ይሁን። ከዚያ ከረዘመ ቀጥ አድርጎ ያቆምሻል፣ ምንም አይጠቅምሽም። ካጠረ ደግሞ ያጎብጥሻል። ሁለት እጅሽን ላዩ ላይ አድርገሽ ትንሽ ወደ ፊት ተደገፊ። ሱፐርማርኬት ውስጥ የነበረው ጋሪ የሠራልሽን ሥራ ይሠራልሻል።

መድኃኒቱ ላይ ግን ልቆጣሽ ነው፣ ይቅር በይኝ። ወንድሜ እንደነገረኝ ሲብስብሽ ሰፈር ሄደሽ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ትወጊያለሽ፤ ከዚያ ደግሞ ክኒኑን ትውጫለሽ። እሱም በዐቢይ ጾም፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳትቀምሺ! ይሄ መድኃኒት ጨጓራ ያቆስላል፣ ሊያደማም ይችላል። በመርፌ ስለተሰጠ ጨጓራን ይተዋል ማለት አይደለም። ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። አንቺ የግፊት ክኒን የምትወስጂ ሰው ነሽ። ለጥቂት ቀን የሚያዝበት ጊዜ አለ፤ ግን ግፊትሽን የሚያውቅ ሐኪም ይዘዝልሽ እንጂ ጎረቤት አይዘዝልሽ። ግፊት እንዳለብሽ ሳትነግሪ ደግሞ ክንድሽን ለማንም እንዳትሰጪ።

መርካቶ የገዛሽውን የወገብ ቀበቶ ለሌላ ሰው አትስጪ፣ ግን ተስፋ አታድርጊበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቶ ነበር። ቀበቶውን አይመክርም፤ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ የአካል እንቅስቃሴ ነው። እዚያው ላይ በ2020 በዓለም 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት ይላል። «እኔን ብቻ ምን አድርጌ?» ስትዪ ይሄን አስቢ። ወጌሻው ጋ ግን አትሂጂብኝ። ወለምታ ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ዕድሜሽ፣ አጥንት በሳሳበት ጊዜ፣ ሰው ጀርባሽ ላይ ቆሞ እንዲረግጥሽ አልፈልግም። ፍል ውሃ ከወደድሽ ሂጂ። ሙቀት ለጊዜው ያፍታታል። ወለሉ እንዳያንሸራትትሽ ብቻ።

አልጋ ላይ ዋዪ የሚሉሽንም አትስሚ። ሲተኙ መዋል ጡንቻን ያላላል፣ ሕመሙም ይብሳል። መሄድሽን አታቁሚ፤ አካሄድሽን ቀይሪ። ሕመሙ ሳይጀምርሽ አረፍ በይ። ሽሮ ሜዳ ስትወርጂ የሚያውቁሽ ባለ ሱቆች ሞልተዋል፣ ወንበር የማይስብልሽ የለም። እንጦጦ ስትሄጂ ደግሞ መውጣቱን በእግርሽ፣ መውረዱን በታክሲ አድርጊው። ሰው ሁሉ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ስለሆነ ሊስቁብሽ ይችላሉ። ይሳቁ።

ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ በጀርባሽ ተኝተሽ አንድ ጉልበትሽን በሁለት እጅሽ ወደ ደረትሽ ሳቢ። ትንሽ ቆይተሽ ልቀቂው፣ ከዚያ ሌላኛውን። ከለመድሽው ሁለቱንም አንድ ላይ። ሆድሽን ሰብስበሽ ወገብሽን ፍራሹ ላይ መጫንም ጥሩ ነው። ወደ ኋላ የሚለጥጥ ስፖርት ቴሌቪዥን ላይ ብታዪ እሱ ለአንቺ አይደለም። ማታ በጎንሽ ስትተኚ በጉልበቶችሽ መሀል ትራስ አድርጊ።

አሁን የምጽፈውን ግን ወንድሜም ያንብበው። እግርሽ እየዛለ ከመጣ ወይም መሬት እየጎተተ ካስቸገረሽ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተሽ ወይም ሽንት አልወጣ ካለሽ፣ በጭኖችሽ መሀል ከደነዘዘሽ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሄጃለሽ። ሌሊትም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡም አትዘግዪ። ቲቢ አከርካሪን እንደሚይዝ አገራችን ያሉ ሐኪሞች በደንብ ያውቃሉ። ከወደቅሽ ደግሞ «ደህና ነኝ» ብለሽ አትደብቂን።

ላስፈራራሽ አይደለም። ወዳጄ እንዳለችኝ የቦይ መጥበብ ያለበት ብዙ ሰው ለዓመታት ሳይብስበት ይኖራል። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። እሱንም ሐኪሙ ካነሳው ያኔ አብረን እንመክራለን።

ዱካዋንና መቋሚያውን ወንድሜ ቅዳሜ ያመጣልሻል። ብሩን ልኬለታለሁ፤ «ምን አስቸኮለህ?» ብለሽ እንዳትመልሺው። ለምጣዱ ሳሎን ያለውን ባለ መደገፊያ ወንበር ወደ ኩሽና አስገቢው። እንግዳ ሲመጣ ሌላ ይፈለጋል። የሐኪም ቀጠሮሽ የተያዘ ቀን ደውይልኝ። እዚህ ሌሊት ቢሆንም አነሳለሁ።

ልጅሽ