ጉዳዩ፦ ያዘዝኩት የ18ኛው ክፍለ ዘመን የወታደር ልብስ በስምምነታችን መሠረት አለመሠራቱን ስለማሳወቅ

ለልብስ ስፌት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

በመጋቢት ወር ሁለት ልብሶች አዝዤ ሙሉ ዋጋውን 620 ዶላር ከፍያለሁ። ልብሶቹ መስከረም መጨረሻ ላይ እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ደርሰውኛል። ነጩ የሊነን ልብስ በጣም ያማረ ነው፤ የቁልፍ ቀዳዳዎቹን በእጃቸው የዘመዘሙትን ባለሙያ አመስግኑልኝ። ቅሬታዬ ስለ ሰማያዊው ኮትና ስለ ሱሪው ነው።

ማስታወቂያችሁ «የታሪክ ልብሶችን አጥንተን እንሠራለን» ይላል። እኔም ሥራው እንዲቀላችሁ ብዬ ለዓመታት የሰበሰብኩትን መረጃ ሁሉ ልኬላችሁ ነበር። የአሜሪካን የነፃነት ጦርነት በትዕይንት በሚያሳይ ቡድን ውስጥ የ1ኛው ሮድ አይላንድ ክፍለ ጦር ወታደር ሆኜ እሰለፋለሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1778 የሮድ አይላንድ ምክር ቤት በባርነት ያሉ ሰዎች በዚህ ጦር እንዲመዘገቡ ፈቀደ፤ ተመርምሮ የተቀጠረውም ነፃ ይወጣ ነበር። ጥቁር ሰው ነኝ፣ ልጆቼንም የማሳድገው እዚህ አገር ነው። እነዚያን ሰዎች ወክዬ ስቆም ልብሴ እንዲዋሽ አልፈልግም።

ጆርጅ ዋሽንግተን ኦክቶበር 2 ቀን 1779 ባወጣው ትእዛዝ ኮቱ ሰማያዊ ሆኖ፣ የደረቱ መታጠፊያና የእጅጌው ጫፍ ቀለም እንደየግዛቱ ይለያይ ነበር። ለኒው ሀምፕሻየር፣ ለማሳቹሴትስ፣ ለሮድ አይላንድና ለኮኔክቲከት ነጭ፤ ለፔንሲልቬኒያ፣ ለደላዌር፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ቀይ ነው። የእኔ ኮት በቀይ ተሠርቶ መጣ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ገና ከሩቅ ሲያየኝ የሮድ አይላንድ ወታደር አይደለም ይላል። ነጭ ብረት መሆን የነበረባቸው ቁልፎችም ወርቃማ ፕላስቲክ ናቸው። በቴሌግራም ስጠይቃችሁ «ፊልም ላይ ያየነው ቀይ ነው» አላችሁኝ። ታዲያ ያ ሁሉ ወረቀት ለምን ተላከ?

ሁለት ልብስ ማዘዜም ያለ ምክንያት አልነበረም። በፈረንሳይ ጦር ውስጥ የዘመተው መኮንን ዣን ባፕቲስት አንቷን ደ ቬርዤ በ1781 የሳለው የውኃ ቀለም ሥዕል ዛሬ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እዚያ ላይ የዚሁ ክፍለ ጦር ጥቁር ወታደር ነጭ ለብሶ ነው የሚታየው። ትእዛዙ ሰማያዊ ቢልም ሰውየው በዓይኑ ያየውን ሥሏል። ነጩን ከሥዕሉ አስተካክላችሁ የሠራችሁ ሰዎች ለሰማያዊው ጽሑፉን ማንበብ እንዴት አቃታችሁ?

ከሁሉም የከፋው ግን ጨርቁ ነው። እዚህ የገዛሁትን 3 ሜትር ወፍራም ሱፍ በሰው እጅ ልኬላችሁ ነበር። በርኖስ የምታውቁ ሰዎች ናችሁና ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ይህ ሱፍ በጣም የጠጠረ ስለሆነ ጠርዙ ሳይታጠፍ ቢቆረጥ እንኳ አይተረተርም፤ የዚያ ዘመን ልብስ ሰፊዎችም እንዲሁ ይተዉት ነበር። የመጣልኝ ኮት ፖሊስተር ነው፤ ጠርዙ ሁሉ በመኪና ተዘምዝሟል። ሱሪው ዚፕ ተገጥሞለታል። በዚያ ዘመን ዚፕም ፖሊስተርም የስፌት መኪናም አልነበሩም።

ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የምንተኩሰው በባልጩት በሚቀጣጠል ጠመንጃ ነው፤ በተኮስን ቁጥር ብልጭታው ፊታችንና እጅጌያችን ላይ ይረግፋል። ሱፍ ብልጭታ ቢነካው ቶሎ አይቀጣጠልም። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የቡድናችን የልብስ ተቆጣጣሪ ኮቱን በእጁ ዳሰስ አድርጎ «በዚህ አትሰለፍም» አለኝ፤ ልክ ነበር። በዚህ ምክንያት በኦክቶበር ዮርክታውን በተባለችው ከተማ በተካሄደው ትዕይንት ላይ ጓደኞቼ ሲሰለፉ እኔ ከተመልካች ጋር ቆሜ አየሁ። ልጄ ለምን እንዳልተሰለፍኩ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ስለዚህ ኮቱንና ሱሪውን በላክሁላችሁ ሱፍ፣ በነጭ መታጠፊያና በነጭ የብረት ቁልፍ፣ ያለ ዚፕ፣ በእጅ ስፌት እንደ አዲስ እንድትሠሩልኝ፤ የመላኪያውንም ወጪ እንድትችሉ እጠይቃለሁ። ይህን የማታደርጉ ከሆነ የኮቱንና የሱሪውን ዋጋ 430 ዶላርና ሱፉን መልሱልኝ። ሱፉ ለሌላ ሥራ ውሎ ከሆነም በግልጽ ንገሩኝ። መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ። የደረሰኙን ቅጂ፣ የቴሌግራም መልእክቶቻችንንና የኮቱን ፎቶዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ