ሳላልፍ ላጨበጨባችሁልኝ ሁሉ

ይድረስ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ላላችሁ ወዳጆቼ፣ ለእቁብተኞቼ፣ አዲስ አበባ ላሉት ቤተሰቦቼ፣ እንዲሁም አንድም ቀን አግኝቶኝ ለማያውቅ አንድ የቤዝቦል ተጫዋች።

የፋርማሲስትነት ፈቃዴ እጄ ገባ። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ደውላችኋል። አንዳንዶቻችሁ ስልክ ላይ እልል ብላችኋል። ለእያንዳንዳችሁ መልሼ መደወል ስላልቻልኩ ይህን ጻፍኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብድር መላሽ ያድርገኝ።

ከእናንተ በፊት ግን ስለዚያ ተጫዋች ልንገራችሁ። ስሙ ድሩ ማጊ ይባላል። ስለ እሱ ሳላወራ የእኔን ነገር ማውራት አልችልም። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቤዝቦልን ያስተማረኝ ዶሚኒካናዊ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ፣ ናሽናልስ ከሚባለው የከተማው የቤዝቦል ቡድን ስታዲየም ብዙ በማይርቅ ፓርኪንግ አብረን እንሠራ ነበር። እኔ የጥናት ካርዶቼን ሳገላብጥ እሱ ሬዲዮውን ይከፍታል። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ስለሚጫወት ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም ሬዲዮው ዝም የሚልበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ለእኔ ጫጫታ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ጨዋታው ገባኝ፣ ከዚያም ወደድኩት። እሱ ደግሞ ከታዋቂዎቹ ይልቅ ከታች ስላሉት ልጆች ማውራት ይወዳል። የአገሩ ልጆች ገና በ16 ዓመታቸው ፈርመው እንደሚመጡ፣ አብዛኞቹም ትልቁን ሊግ ሳያዩ ወደ ቤታቸው እንደሚመለሱ የነገረኝ እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ አንድ ልጅ ኮሌጅ ጨርሶ በቀጥታ ትልቁ ሊግ አይገባም፤ እንዲህ ያለው እጅግ ጥቂት ነው። ከታች ማይነር ሊግ የሚሉት አለ። ነጠላ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ እየተባለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ትልቁ ሊግ 30 ቡድን ብቻ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ደግሞ 26 ተጫዋች ይይዛል። ከታች ያሉት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ከትንሽ ከተማ ትንሽ ከተማ በአውቶቡስ ሲጓዙ ያድራሉ። ገንዘቡም ያሳዝናል። በ2021 ጭማሪ ከተደረገ በኋላ እንኳ የደብል ኤ ዝቅተኛ ክፍያ በሳምንት 600 ዶላር ነበር፤ ያውም ውድድር ባለባቸው ወራት ብቻ። በ2023 የታችኞቹ ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ በማኅበር ሆነው ውል ተፈራረሙና የደብል ኤው ክፍያ በዓመት ወደ 30,000 ዶላር ደረሰ። በዚያው ዓመት የትልቁ ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ 720,000 ዶላር ነበር። ልዩነቱን እዩት። ውድድር በሌለባቸው ወራት ሌላ ሥራ ካልያዙ የቤት ኪራይ የማይከፍሉ ብዙ ናቸው። እኔ ይህን ስሰማ ቶሎ ገባኝ። እኛ አገር ጥለን የመጣን ሰዎች በአንድ ሥራ ኖረን እናውቃለን እንዴ?

ድሩ ማጊ የፊኒክስ፣ አሪዞና ልጅ ነው። ቦታው ኢንፊልደር ነው። ቤዝቦል ለማታውቁ፣ ቤዝ በሚባሉት፣ ተጫዋች ሮጦ በሚደርስባቸው ማረፊያዎች አካባቢ ቆሞ መሬት ለመሬት እየነጠረ የሚመጣውን ኳስ ቀልቦ በቅጽበት የሚወረውር ማለት ነው። እሱ ሁለተኛ ቤዝም፣ ሦስተኛ ቤዝም፣ በሁለቱ መሃል የሚቆመውን ሾርትስቶፕም ተጫውቷል። እንዲህ ያለ ሰው ለአሰልጣኝ በረከት ነው። ለራሱ ግን ብዙ አይጠቅመውም ብዬ አስባለሁ። የትም መቆም ስለሚችል የትም ቋሚ ቦታ አይሰጠውም።

በ2010፣ ቡድኖች በተራ አዳዲስ ልጆችን ሲመርጡ፣ ፒትስበርግ ፓይሬትስ የሚባለው ቡድን ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ15ኛው ዙር መረጠው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ልጅ ሚሊዮኖች ስለሚፈስበት ቢሳሳትም ይታገሱታል። በ15ኛው ዙር የመጣ ግን በየዓመቱ ቦታውን እንደ አዲስ ማሳመን አለበት። ማጊም ከፒትስበርግ ተነሥቶ በኤንጀልስ፣ በዶጀርስ፣ በክሊቭላንድ፣ በሚኒሶታ፣ በፊላደልፊያ በኩል ዞረ። ሁሉም ቦታ ከታች ነው። ታናናሾቹ አልፈውት ሲወጡ እሱ ሻንጣውን ይዞ ሌላ ከተማ ይሄዳል።

በሴፕቴምበር 2021 የሆነው ነው እኔን ውስጤን የነካኝ። ሚኒሶታ ትዊንስ ወደ ትልቁ ቡድን ጠሩት። ማሊያ ተሰጠው። ከትልልቆቹ ጋር ተቀመጠ። ግን አንድም ጨዋታ ሳይገባ መለሱት። ሥም ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ሳይጫወት የቀረ ሰው መዝገቡ ላይ ተጫዋች ተብሎ አይጻፍም። በሩን አልፎ መግባት፣ ከዚያ ደግሞ መውጣት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይበቃኛል ባለ ነበር። ዕድሜው ከ30 አልፏል።

እኔም በእነዚያ ዓመታት ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። ልምምድ የምሠራበት ፋርማሲ አግኝቼ፣ ነጩን ጋዋን ገዝቼ፣ ልጀምር ስል ቦታው ተሰርዟል ተባልኩ። ከየት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ያን ማታ ፓርኪንግ ስገባ ባልደረባዬ ፊቴን አይቶ ምንም አልጠየቀኝም። ሬዲዮውን ቀነስ አድርጎ፣ በዚያ ሰሞን ከሚኒሶታ የተመለሰ አንድ ሰው አለ ብሎ የማጊን ታሪክ ነገረኝ። ቀጠለ ወይስ ተወ ብዬ ጠየቅኩት። ይቀጥላል አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ሰው ነገር የራሴ ጉዳይ ሆነ።

ቀጠለም። በ2023 ኤፕሪል ላይ በ33 ዓመቱ ወደ መጀመሪያው ድርጅቱ ተመልሶ አልቱና ነበር። አልቱና ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ቡድኗ የፓይሬትስ ደብል ኤ ነው። እዚያ አብዛኛው ተጫዋች ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ልጅ ነው። ያን ጊዜ የፓይሬትሱ ብራያን ሬይኖልድስ ሐዘን ደረሰበት። ሊጉ ቤተሰብ የሞተበት ተጫዋች ከሦስት እስከ ሰባት ቀን የሚያርፍበት ሕግ አለው። ለእነዚያ ቀናት ሰው ያስፈልግ ነበር። ማጊን ጠሩት። አሰልጣኙ ዜናውን በልጆቹ ፊት ሲነግረው የተቀረጸውን ቪዲዮ ብዙ ሰው አይቶታል። መልበሻ ክፍሉ ሲፈነዳ፣ ልጆቹ ዘለው ሲያቅፉት ይታያል። በሌላ ሰው ሐዘን የመጣ ዕድል ነው። ይህን መርሳት አልወድም፤ ነፍስ ይማር።

ቀኑ ኤፕሪል 26 ነው። ከ13 የማይነር ሊግ ዓመታትና ከ1,155 ጨዋታዎች በኋላ። ፓይሬትስ ፒትስበርግ ላይ ከዶጀርስ ጋር ይጫወታሉ። ስምንተኛው ኢኒንግ፣ ማለትም ከጨዋታው ዘጠኝ ዙሮች ስምንተኛው ላይ አንድሩ ማከቸን ሊመታ ተራው ነበር። ማከቸን ለዚያ ከተማ ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ በ2013 በፒትስበርግ ማሊያ፣ ከትልቁ ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ የሆነው የናሽናል ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠ ሰው ነው። በ2023 ደግሞ ከዓመታት በኋላ ወደ እነሱ ተመልሷል። ሰዉ እሱን ሊያይ ነው ትኬት የሚቆርጠው። አሰልጣኙ እሱን አስቀምጦ ማጊን አስገባ።

ስታዲየሙ ብድግ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰውየው ምንም አላደረገም እኮ። አንድ ኳስ አልነካም። ጥሩ ይሁን መጥፎ ማንም አላየውም። ስሙን ከጥቂት ቀናት በፊት የሰሙት ብዙዎች ነበሩ። ግን ቆመው ስሙን እየጠሩ ጮኹለት። ያጨበጨቡት ሊያደርግ ላለው አልነበረም። ማንም ባላየው በአልቱና፣ በአውቶቡስ ወንበር፣ በርካሽ ሆቴል ላለፈው ዕድሜው ነው። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም። ሁልጊዜ የማየው ከፊት ያለውን ሰው ሳይሆን ከኋላ የቆሙትን ነው። ማንን ተከትለው ቆሙ? ማን አዘዛቸው? እነዚያን የፒትስበርግ ሰዎች አመሰግናለሁ። ክፉ አይንካቸው።

ከዚያ ስትራይክአውት ሆነ፤ ኳሱን መምታት ሳይችል ወጣ ማለት ነው። የዶጀርሱ ወርዋሪ አሌክስ ቬሲያ አወጣው። ጭብጨባው ግን በዚህ አልተሰረዘም።

ከሦስት ቀን በኋላ ቡድኑ ወደ እኛ ከተማ መጣ። ኤፕሪል 29 በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ነበር። እኔና ባልደረባዬ ሥራ ላይ ነን። ሁለተኛው ጨዋታ 16 ለ 1 ነው ያለቀው፣ ለፓይሬትስ። የናሽናልስ ደጋፊ ቀድሞ እየወጣ መኪናውን ሊወስድ ይመጣ ስለነበር እጃችን በቁልፍ ተሞልቶ ነበር። ማጊ የትልቁ ሊግ የመጀመሪያ ምቱን መታ ሲባል ባልደረባዬ በስፓኒሽ እየጮኸ ከዳሱ ወጣ። እኔም ወጣሁ። መኪናቸውን የሚጠብቁት ሰዎች ቡድናቸው ተሸንፎ፣ ለምን እንደምንጮህ ግራ ገብቷቸው ነበር። ነገርናቸው። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው አጨበጨቡ።

በሜይ መጀመሪያ ወደ አልቱና መለሱት። ሐዘንተኛው ተመልሷልና ቦታው የሱ ነው። በትልቁ ሊግ ሦስት ጨዋታ ተጫወተ። አንዳንድ ሰው ለሦስት ጨዋታ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ይለኛል። አዎ፣ ለሦስት ጨዋታ ነው። ስሙ መዝገቡ ላይ አለ፤ ማንም አይፍቀውም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ተመርቄ ነው የመጣሁት። እዚህ ግን ያ ወረቀት መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ትምህርቱ ይመዘናል። ከዚያ ለውጭ አገር ምሩቃን የሚሰጠው ፈተና አለ። የእንግሊዝኛው አለ። ልምምዱ አለ። ከዚያ ሁሉም የአሜሪካ ፋርማሲስት የሚፈተነው ናፕሌክስ፣ ቀጥሎም የክፍለ ግዛቱ የሕግ ፈተና። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጠብቃል። በመሃል ልጅ ይታመማል፣ ኪራይ ይደርሳል፣ ሰው አገር ቤት ይሞታል። ይህን ብዙዎቻችሁ በነርስነቱ፣ በሐኪምነቱ፣ በምህንድስናው ስላለፋችሁበት አላረዝመውም።

ጎረቤቴ እማማ፣ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ተቀብለው፣ አብልተው፣ የቤት ሥራ አሠርተው ያስተኙልኝ እርስዎ ነዎት። አንድም ቀን ክፍያ አልተቀበሉኝም። ለሰው ሲያስተዋውቁኝም ገና ሳልፈተን "ፋርማሲስቷ ጎረቤቴ" ይሉ ነበር። ያኔ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ሳስበው እንባዬ ይመጣል። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

እቁብተኞቼ፣ የፈተናው ክፍያ ሲደርስ እጣ ሳታወጡ የመጀመሪያውን ዙር ለእኔ ሰጣችሁኝ። ተራው ለእናንተም ያስፈልጋችሁ እንደነበር አውቃለሁ። አንዷ ያን ወር ለልጇ ኮሌጅ ትከፍል ነበር። ብወድቅ ገንዘቡ በከንቱ ነበር። ማንም ግን ብትወድቂስ አላለኝም። ዘርታችሁ ቃሙ፣ ወልዳችሁ ሳሙ።

ዶሚኒካናዊው ወንድሜ አማርኛ አያነብም፤ በቃል እተረጉምለታለሁ። ፈተና ሲደርስብኝ የእኔን ሺፍት ጨምሮ ሠርቶልኛል። በመጨረሻ ልምምድ ቦታ የሰጠችኝ ፋርማሲስትም አለች። ወረቀቴን ሳይሆን እኔን አይታ ነው የተቀበለችኝ። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለጠየቀችኝ እንጂ በጉልህ እጽፈው ነበር።

እማዬ፣ በየዓመቱ ቁልቢ ለገብርኤል ስለት የገባሽው ደርሷል። ዘንድሮ አብረን እንሄዳለን፤ ትኬቱን እየፈለግሁ ነው። ባለቤቴ፣ ታክሲ ነድተህ ሌሊት ገብተህ፣ እኔ እንዳጠና ድምፅ ሳታሰማ ትበላ የነበርከው፣ ላንተ የምለውን ቤት ውስጥ እላለሁ።

ድሩ ማጊ ሆይ፣ ይህ መልእክት ምናልባት አይደርስህ ይሆናል። ከናሽናልስ ስታዲየም አጠገብ ያለ ፓርኪንግ ውስጥ አንተን እየተከተለ ያጠና ሰው ነበር። አመሰግንሃለሁ። ለአንተም ለቤተሰብህም ጤና ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። መጻሕፍቶቼና የጥናት ካርዶቼ ሁሉ በካርቶን ታሽገው ተቀምጠዋል። ለውጭ አገር ምሩቃን ፈተናም ለናፕሌክስም የሚሆኑ ናቸው። ጠርዙ ላይ በአማርኛ የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች አሉ። የምትዘጋጁ ካላችሁ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ ቡና ይፈላል፣ መጥታችሁ ውሰዱ። የልምምድ ማመልከቻ አሞላልም አሳያችኋለሁ። ልጅ ያለው ልጁን ይዞ ይምጣ፤ እማማም ይኖራሉ።