24 ቮልት ብዬ ከፍዬ 12 ቮልት ሞተሪኖ ላካችሁልኝ

ለመለዋወጫ ዕቃ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። ኅዳር 1 ቀን ከሱቃችሁ ለላንድክሩዘር ፒክአፕ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) የገዛሁት ሰው ነኝ። ስደውል «ቅሬታ ካለህ በጽሑፍ አቅርብ» ስላላችሁኝ ይኸው አቀረብኩ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። በ1975 ዓ.ም. የተገዛች ኤችጄ 47 ናት፤ ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር 2ኤች ናፍጣ። ዕድሜዋን ሙሉ ከዘጌ ቡናና ጌሾ ስታመላልስ ኖራለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ግን ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ዘጠኝ ዓመት ቆመች። ዘንድሮ ላስነሳት ቆረጥኩ። ለመታሰቢያ ላስቀምጣት አይደለም፣ ልሠራባት ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያለውን ጠግኖ መያዝ ለብዙ ሰው ግዴታ ሆኗል፣ ይሄን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

መካኒካችን ኖዝሎቹን ፈትቶ በየሲሊንደሩ ዘይት አንጠባጠበና አሳደራት። በማግስቱ የሞተሩን የፊት ትልቁን ቡለን በኪያቤ (መፍቻ) ይዞ ቀስ እያለ በእጁ አዞራት። ዞረች። ሞተሩ አልነከሰም! እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ እልል አለች። የቀረው ሞተሪኖው ብቻ ነበር። የሐይቁ እርጥበት ገብቶበት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ካርቦኖቹ ቤታቸው ውስጥ ተጣብቀዋል፣ አርማቹሩ (ውስጡ የሚሽከረከረው ሽቦ የተጠመጠመበት ክፍል) ደግሞ ድሮውኑ ተቃጥሏል። እዚሁ ከተማ ሽቦ ጠምጣሚ ጋ ወስደነው «ይሄ ከእንግዲህ አይሆንም» አለን። ገፍተን እንዳናስነሳት ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ቁልቁለት ካስፈለገ ቤዛዊት ድረስ ማስጎተት ነው፤ ቢሆንስ ጌሾ የጫነች መኪና ዘጌ መንገድ ላይ ሞተሯ ቢጠፋ ማን ይገፋታል?

እናንተ ጋ የደወልኩት ለዚህ ነው። የደወልኩትም በደንብ ተዘጋጅቼ ነው። የዚህ ሞተር መኪና 12 ቮልትም 24 ቮልትም ስላለ መካኒኩ «ቮልቱን ሳትነግራቸው እንዳትገዛ» ብሎኛል። የእኛዋ ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎላት በ24 ነው የምትሠራው። የአሮጌውን ሞተሪኖ ፎቶ ከፊትም ከኋላም፣ የጥርሱን፣ የቁጥሩን ሰሌዳ፣ የሁለቱን ባትሪዎች ፎቶ ሳይቀር በቴሌግራም ላክሁ። ስልክ ያነሳው ልጅ «አለ፣ 24 ነው፣ አዲስ ኦሪጅናል» አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። «አታስብ ወንድሜ» አለኝ። 32,000 ብር አስገባሁ፣ ለአውቶብስ ጭነት ደግሞ 600 ብር ከፈልኩ።

ዕቃው ኅዳር 3 ደረሰ። ላዩ ጥቁር ቀለም ያብለጨልጫል፣ «24 ቮልት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። መካኒኩ ከመግጠሙ በፊት መሬት ላይ አስቀምጦ በአንድ ባትሪ ብቻ ሞከረው። ሞተሪኖው በጣም ፈጠነ። መካኒኩ ወዲያው ገመዱን ነቀለው። «ይሄ 24 ቢሆን በአንድ ባትሪ እንዲህ አይፈጥንም ነበር» አለኝ። ወረቀቱን በጥፍሬ ስልጠው ቀለሙም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አብሮ ተነሳ። ከሥሩ ዝገት ነው። ዝገቱን በጨርቅ ስንጠርገው ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ወጣ፣ 12 ይላል። የኋላ ክዳኑን ሲከፍተው ካርቦኖቹ አልቀው ሽቦው ጋ ሊደርሱ ትንሽ ቀርቷቸዋል። አዲስ የተባለው ዕቃ ይሄ ነው። ፎቶውንም ቪዲዮውንም በዚያው ቀን ልኬላችኋለሁ።

መካኒኩ ወረቀቱን አምኖ ከሁለቱ ባትሪ ጋር አገናኝቶት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሞተሪኖ ይቃጠል ነበር። ያኔ ደግሞ «አንተ ነህ ያቃጠልከው» ትሉኝ ነበር። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ዕቃ መሳሳት ያለ ነው፣ ልጁ ከመደርደሪያ ሌላ አንስቶ ልኮልኝ ቢሆን አንድ ቃል አልናገርም ነበር። 12 በሚል ብረት ላይ 24 የሚል ወረቀት መለጠፍ ግን ስህተት አይባልም። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ነውር የለውም፣ ያገለገለ ነው ብላችሁ በዋጋው ብትሸጡልኝ እገዛችሁ ነበር። አሮጌውን ቀለም ቀብቶ አዲስ ማለት ግን ማታለል ነው።

ስደውል መጀመሪያ «እናጣራለን» ተባልኩ። ቀጥሎ ስልክ አይነሳም። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት አንስታ «ደረሰኙ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል» አለችኝ። ይላል፣ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ደረሰኝ ላይ የታተመ አንድ መስመር ሕግ አይሽርም። ዛሬ ኅዳር 11 ነው፣ ቀኑ አላለፈብኝም።

የምፈልገው ይሄን ነው። ትክክለኛው ባለ 24 ቮልት ካላችሁ በራሳችሁ ወጪ ላኩልኝ፤ ከመላካችሁ በፊት ግን ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ አሳዩኝ፣ ወረቀቱን አይደለም። ከሌላችሁ 32,000 ብሬን ከጭነቱ 600 ብር ጋር መልሱ። እስከ ኅዳር 16 መልስ ካላገኘሁ ደረሰኙን፣ የቴሌግራም ንግግራችንን እና ቪዲዮውን ይዤ ንግድ ቢሮ እከሳለሁ። እዚህ ያሉ አሮጌ ላንድክሩዘር ያላቸው ጓደኞቼም ከእናንተ ሊያዙ አስበው የእኔን ነገር እየጠበቁ ነው።

ሞተሪኖው እኔ ጋ ነው፣ አንድ ቡለን አልጎደለውም። በየትኛው አውቶብስ ልመልሰው፣ ማንስ ይረከበዋል? ደውላችሁ ንገሩኝ።