ጽሑፋችንን በዩኒኮድ ተቀበሉን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደሴ የምኖር ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ነኝ። በ1994 ዓ.ም. ሐይቅ ትኖር የነበረች አክስቴ የምታዜማቸውን መንዙማዎች በደብተር ጻፍኩና ፒያሳ ካለ ጽሕፈት ቤት አስተየብኳቸው። 140 ገጽ ወጣው። ከፍሎፒ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ እያዛወርኩ አቆየሁት። ደብተሩን ምስጥ በላው። አክስቴም ወደ አኼራ ሄደች።

ዘንድሮ ላሳትመው ብዬ ፍላሹን ሰካሁ። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም! የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ባዶ ሳጥን ብቻ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ድሮ ያስተማርኩት ልጅ አጠገቤ ነበር። «ቲቸር፣ አብሽር! ፋይሉ አልጠፋም። የተጻፈበት ፎንት ነው እዚህ የሌለው» አለኝ።

የዚያን ጊዜ የአማርኛ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው ነው የሚሠሩት። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ሀ ወይም ለ አስመስሎ የሚያሳየን ፎንቱ ነው። ቦታውም ቢበዛ 256 ነው። የኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ቋና ጓ፣ ቁጥሩና ነጥቡ የት ይግቡ? ፎንት ሠሪው ሁሉ በየራሱ መላ አጣበበው። ዩኒኮድ የሚባለው፣ የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር የሚቆጠሩበት የጋራ ሥርዓት ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠው። በዩኒኮድ የተጻፈ ሀ ወርድና ሊብሬኦፊስ በሚባሉት የመጻፊያ ፕሮግራሞችም፣ በስልክም ሀ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ጋዜጣችሁም ማተሚያ ቤቶችም ጽሑፍ ስትጠይቁ «በዩኒኮድ» የምትል ቃል ጨምሩ። ጽሕፈት ቤቶችም ከወርዱ ፋይል ጋር ፒዲኤፍ ስጡን፤ ፎንቱ አብሮ ስለሚታሸግ መልኩ አይለወጥም። ፕሮግራም የምትሠሩ ልጆቻችን ደግሞ ፍለጋውን አስቡበት። «ሐይቅ» ብዬ ስፈልግ «ሀይቅ» ተብሎ የተጻፈውን ዘሎት ይሄዳል። አራት ነጥብን ሁለት ነጥብ ደጋግሞ እየመታ የሚጽፍም ብዙ ነው። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ሌላ ነገር ነው።

ልጁ የድሮውን ፎንት ሁለት ቀን ፈልጎ አገኘልኝ፣ ወደ ዩኒኮድም ቀየረው። አላህ ይስጠው። ሲቀየር ግን ዲቃላ ፊደሎቹ ወደቁ። «ጓሮ» ሮ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ከ«ቋንቋ» የተረፈችው ን ናት። እነዚህን ከዐውዱ እየገመትኩ በእጄ እሞላለሁ። 63ኛው ገጽ ላይ ግን አንድ ስንኝ አለ፣ መጨረሻው «ጠጠው» ይላል። «ቧጠጠው» ይሁን «ሟጠጠው» አላውቅም፤ ሁለቱም ይገጥማሉ። የምጠይቃት አክስቴ የለችም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው መምህር፣ ከደሴ