ከሰሉ ሲያልቅስ?

ሰላም አዘጋጅ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ወደ አገር ውስጥ የድንጋይ ከሰል እየዞሩ ነው ያላችሁትን ከዚራ ሰፈራችን ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ደስ ይላል። ሲያልቅስ?

የብሪታንያዋን ደቡብ ዌልስን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1913 ከ230 ሺህ በላይ ሰው በከሰል ይተዳደር ነበር፤ መርከቦቹ ወደ ናፍጣ ዞሩ፣ ገበያው ወደቀ፣ ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። የተረፈው ከጉድጓዶቹ የወጣው የአፈር ክምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 እዚያው አበርፋን የሚባል መንደር ውስጥ ምንጭ ላይ የተቆለለው ክምር በውሃ ርሶ ተናደና ትምህርት ቤት ላይ ወረደ፤ 144 ሰው ሞተ፣ 116ቱ ልጆች።

እኛ ድሬዳዋዎችም እኮ በባቡር የተቆረቆርን ነን፣ የሚያኖር ሥራ ሲያበቃ ምን እንደሚመስል ይገባናል። አባቴ ከባቡር ጋራዡ ጡረታ ሲወጣ ይዞት የመጣው ትልቁ መፍቻ ዛሬ የበር ማስደገፊያ ሆኗል።

ከሰሉን ለማውጣት ዳውሮ ላይ የሚቆፈረው አፈር የት እንደሚደፋ፣ ጉድጓዱንም ማን እንደሚደፍነው እስቲ ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ