«ኦ ለማንኛውም ታካሚ» ስትሉ ኔጋቲቭ ሴቶችን የት ጣላችሁን?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰኔ 7 የሚከበረውን የደም ለጋሾች ቀን ምክንያት በማድረግ ያወጣችሁት ዘገባ «የደም ዓይነቱ ኦ የሆነ ሰው ለማንኛውም ታካሚ መስጠት ይችላል» ይላል። ሰው ደም እንዲለግስ ማነሳሳታችሁን ከልብ እደግፋለሁ፤ እኔም ኦ ኔጋቲቭ ነኝ፣ የዘወትር ለጋሽም ነኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም፤ ከኦ ቀጥሎ መምጣት የነበረበትን ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ የሚለውን ጨርሶ ጥሎታልና።

ለማንኛውም ታካሚ ሊሰጥ የሚችለው የኦ ኔጋቲቭ ቀይ የደም ሕዋስ ነው። በአገራችን ኦ ከሆኑት ሰዎች አብዛኞቹ ግን ፖዘቲቭ ናቸው። የእነሱ ቀይ ሕዋስ አር ኤች ዲ የተባለውን አንቲጂን (ሲኖር ፖዘቲቭ፣ ሲጎድል ኔጋቲቭ የሚያሰኘውን የሕዋስ ላይ ምልክት) ስለሚሸከም፣ ኔጋቲቭ ወደሆነች ሴት ሲገባ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲቦዲ፣ ማለትም የሚያጠቃው መከላከያ ፕሮቲን፣ ሊያመርትበት ይችላል። ክፋቱ ጉዳቱ በዕለቱ ላይታይ መቻሉ ነው። ደሙን ወስዳ፣ ድና ወደ ቤቷ ትገባለች፤ ከዓመታት በኋላ ፖዘቲቭ ልጅ ስታረግዝ ያ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የፅንሱን ቀይ ሕዋሳት ያፈርሳል። በየቤቱ ሾተላይ እየተባለ የሚነገረው ይኸው ነው። ኦ ኔጋቲቭ በታጣበት ድንገተኛ ሰዓት ሐኪሞች ለወንድ ወይም የመውለጃ ዕድሜዋ ላለፈ ሴት ኦ ፖዘቲቭ የሚሰጡበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ ያ ግን አመዛዝነው የሚወስኑት ነው እንጂ «ለማንኛውም» ማለት አይደለም።

የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩበት ሆስፒታል ካርዴ ላይ የተጻፈው «ኦ» ብቻ ነበር። እናንተ የጣላችሁት ያው ቃል እዚያም ተጥሎ ነበር ማለት ነው። በወሊድ ጊዜ የፖዘቲቭ ልጅ ደም ወደ እናቱ ሊገባ ይችላል፤ ልጄ ፖዘቲቭ ሆኖ ሳለ ግን አንቲቦዲው እንዳይፈጠር በ72 ሰዓት ውስጥ ልወጋው ስለሚገባኝ የአንቲ ዲ መርፌ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንቲቦዲው አንዴ ከተፈጠረ ደግሞ መርፌው አይመልሰውም። ሁለተኛው ልጄ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሆነ፤ የተረፈው ደሙ በሌላ ደም ተቀይሮለት ነው። የባለቤቴ ዘመዶች በእኔ ላይ የተናገሩትን ዛሬም አልረሳሁትም። ዘገባችሁ በወጣ ማግስት አንዲት ነፍሰ ጡር የሥራ ባልደረባዬ «እኔ እንደሆንኩ ኦ ነኝ፣ ምንም አያሰጋኝም» አለችኝ። ፖዘቲቭ ናት ወይስ ኔጋቲቭ? አታውቀውም። ይህን ባዶ እርግጠኝነት የሰጣት የእናንተ ገጽ ነው።

እዚያው ዘገባ ውስጥ አንድ ከረጢት ደም ቀይ ሕዋስ፣ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ክፍል) እና ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ተብሎ እንደሚከፈል ጽፋችኋል። ዘጋቢው የገዛ አንቀጹን መልሶ ቢያነብ ኖሮ «ታዲያ ለማንኛውም ታካሚ የሚሆነው የትኛው ክፍል ነው?» ብሎ በጠየቀ ነበር። የኦ ሰው ፕላዝማ ፀረ ኤ እና ፀረ ቢ አንቲቦዲ ስለያዘ የኤ ወይም የቢ ታካሚን ቀይ ሕዋስ ሊያፈርስ ይችላል፤ በፕላዝማ በኩል ለሁሉም የሚስማማው ኤቢ ነው። የታካሚው ናሙና ከሚሰጠው ደም ጋር በላቦራቶሪ ስለሚመሳከርበት ክሮስማች፣ ደሙ ከመሰቀሉ በፊት የታካሚው ስምና የከረጢቱ ቁጥር አልጋው አጠገብ ስለሚመረመርበት ሥርዓትም አንድ ቃል የለም። የለጋሾች ቀን የሚከበርበት ዕለት ኤ፣ ቢና ኦ የደም ዓይነቶችን ያገኘው የሳይንቲስቱ የካርል ላንድስታይነር የልደት ቀን ነው፤ እሱና አሌክሳንደር ዊነር አር ኤችን ያሳወቁት በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ያህል ዘመን የቆየ እውቀት ከአንድ ጋዜጣ ሁለት መስመር እንዴት ይነፈገዋል?

ማስተካከያው ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲታተም እጠይቃለሁ። ነፍሰ ጡሮች በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል የደም ዓይነታቸውን ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ከሚለው ጋር እንዲያውቁ፣ ኔጋቲቭ የሆኑት በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ከወሊድ በኋላ እስከ 72 ሰዓት፣ እንዲሁም ፅንስ ሲወርድ ስለሚሰጠው መርፌ ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ በግልጽ ይጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ