ላሜራውን አትጣሉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የድሮ ቮልስዋገን ኮምቢ ለሚነዱና ለሚጠግኑ ሰዎች የምለው አለኝና እባካችሁ ትንሽ ቦታ ስጡኝ።

ኮምቢ አቀበት ላይ ጋለ ሲባል መልሱ ሁሌም አንድ ነው። «አርጅቷል፣ ራዲያተርም የለው፣ ምን ይደረግ!» በዚህ አልስማማም። ከኋላ የተቀመጠው ሞተሩ ከመጀመሪያውም በአየር እንዲቀዘቅዝ ነው የተሠራው። አየሩን በአግባቡ ካገኘ አቀበት አይፈራም።

ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) በመኪናው ጎንና ጎን ከኋላ በኩል ባሉት ቀዳዳዎች የሚገባውን ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ በላሜራዎቹ (ሞተሩን በሸፈኑት ቆርቆሮዎች) ውስጥ አሳልፎ ሲሊንደሩና ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ይነፋል፣ የጋለው አየር በታች ይወጣል። ሞተሩን ዙሪያውን የከበበው ላሜራና ጠርዙ ላይ ያለው ጎማ ሥራቸው ይሄ ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይሳብ መከልከል ነው። ሞተር ሲወርድ ግን መጀመሪያ የሚጣሉት እነዚሁ ናቸው። ጎማው ደርቋል ተብሎ ይቀደዳል፣ ላሜራው እጅ አያስገባም ተብሎ ጥግ ይወረወራል፣ ሞተሩ ሲመለስ ማንም አያስታውሳቸውም። ከዚያ መኪናው ሲግል የኋላ ክዳኑን በእንጨት ደግፎ መንዳት ይመጣል። ዙሪያው ካልታሸገ ይሄ ምንም አይፈይድም፣ ሙቀቱ ከታች ዞሮ ይገባል። ዋናው ጎማ ከጠፋ ሙቀት የሚችል ጎማ ቆርጦ መግጠም ይቻላል። ላሜራም ቢሆን ጎበዝ ላሜራ ሠሪ ያወጣዋል።

ቺንጋውን (ቬንትሌተሩን የሚያዞረውን ቀበቶ) ደግሞ እዩት። በ1600 ሲሲው ሞተር ላይ ዲናሞውንና ቬንትሌተሩን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ፑሊው መሀል ካሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች አንዱን አውጥቶ ውጭ ማሰር ነው። የዲናሞው ቀይ መብራት እየነዳችሁ ከበራ፣ ባትሪ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት! ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ አየር የሚባል አያገኝም፣ እዚያው ቆማችሁ አጥፉት። መለዋወጫ ቺንጋ፣ የ21 ቁልፍና ካቻቢቴ ከመኪናው አይለዩ።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። መካኒኩ ካርቡሬተሩን ለዚህ አየር ብሎ ቤንዚኑን ይቀንሳል፣ እሳቱንም (ቤንዚኑ የሚቀጣጠልበትን ጊዜ) ትንሽ ያስቀድማል። ለከተማ ጥሩ ነው። በዚያው ልክ ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ሲወረድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ቆላ ለመውረድ የተነሳ ሰው ካርቡሬተሩንና እሳቱን አስተካክሎ ይውጣ።

አባይ በረሃን ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ በከፍተኛ ማርሽ አታስጨንቁት። ቬንትሌተሩ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ስለሆነ ሞተሩ ሲያቃስት አየሩም ያንሳል። ቀድሞ ማርሽ መቀነስ ነው፤ ጩኸቱ አያስፈራችሁ።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ እሱም ያቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር ለኩት። የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን። በተለይ 3ኛውን ሲሊንደር ተጠንቀቁለት፤ እስከ ፈረንጆቹ 1970 በነበሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ቬንትሌተሩ ቤት ውስጥ ከሲሊንደሩ በላይ ስለተቀመጠ የሚደርሰው አየር ቀድሞ የሞቀ ነው።

ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ሞተር ስታወርዱ ላሜራና ብሎኑን በአንድ ካርቶን አስቀምጡልን። ባለቤቶችም መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት የኋላ ክዳኑን ክፈቱና ወደ ታች እዩ። በሞተሩ ዳር መሬት ከታያችሁ ሥራው አላለቀም፣ ሒሳብ አትክፈሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምቢ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ